ወተት የተረጨበት ጎማ

ካ ካ ካ! ቆይ ብሌን፣ ቆይ፣ ወገቤን ልያዝ! አውራ ዶሮ እኮ ነው የምልሽ! እግሩን ታስሮ፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ፣ እንደ ትልቅ ሰው በመስኮት ቁልቁል እያየ! ገና ምኑ ተነካና ነው የምትስቂው? ዋናው ወደ ኋላ ነው። ዋናው ሽማግሌው በመጨረሻ የተናገሩት ቃል ነው፤ እሱን ሳትሰሚ ከዚህ ንቅንቅ አትይም።

ጥያቄሽን አልረሳሁትም። የሰርጉ ካርድ ተበትኗል፣ ጠላው ተጠምቋል፣ ዘመድ ከየአገሩ ተጠርቷል። ያ የምታገቢው ልጅ ደግሞ ባለፈው ሰሞን ተናደደና ስልክሽን ከእጅሽ መንጭቆ ግድግዳ ላይ ፈጠፈጠው። በማግስቱ ከሱ የሚበልጥ ገዝቶ፣ አበባ ይዞ መጣ። ስልኩን ተቀበልሽው፤ ልብሽ ግን እንደ በፊቱ አልሆነም። «አክስቴ፣ ሽማግሌ ከገባ፣ ቃል ከታሰረ፣ ይህ ሁሉ ሰው ከተጠራ በኋላ ይቅርብኝ ማለት ነውር አይደለም ወይ?» አልሽኝ። እኔ ፊደል ቆጥሬ ሳልጨርስ ነው ከትምህርት ቤት የወጣሁት፤ የተማረ ሰው የሚመልሰውን አልመልስልሽም። ምሳሌ ግን አለኝ። ስሚ።

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ትንሽ አውሮፕላን ማብረር ነበረ። ትንሽ ስልሽ፣ ጥቂት ሰው ከተሳፈረባት ቀጥሎ የሚገባው ትንፋሹን ውጭ ትቶ የሚገባባት፣ ከሩቅ ሲያዩዋት ፌንጣ የምትመስል። በእሷ ወደ አንድ ቆላ አገር ይመላለስ ነበር። በዚያ አገር መንገድ የለም። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላና ሰዉ እንደ ታሰረ ይከርማል። መድኃኒት የሚመጣው በእሱ ነው፤ ምጥ የጠናባት የምትወጣው በእሱ ነው፤ እባብ የነደፈው ከሞት የሚያመልጠው በእሱ ነው። የእናት የአባቱን ስም የሚያውቅ የለም። ከሕፃን እስከ አዛውንት «ካፒቴን» ነው የሚሉት።

ካፒቴን ደግ ሰው ነበረ። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ ኋላ ክፉ ሰው እንዳይመስልሽ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ የሆነው ሁሉ አይሆንም ነበር፤ ክፉ ሰው ማንን ያፍራል? ካፒቴን የሰው ፊት ሲጠቁር ማየት አይችልም። ብላ ሲሉት ጠግቦም ይበላል። እደር ሲሉት ቸኩሎም ያድራል። «እምቢ» የምትለዋ ቃል ጉሮሮው ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ትጋደምበታለች።

አንድ ልማድ ነበረው። ከመነሳቱ በፊት አውሮፕላኗን ሜዳው ጫፍ ላይ ያቆምና፣ ፍሬን ይዞ፣ ሞተሩን እስከ ጥግ ያስጮኸዋል። የወፍጮ ቤት ሞተር ሲነሳ ሰምተሽ የለ? ባለወፍጮው እህሉን ከማፍሰሱ በፊት መጀመሪያ ሞተሩን ያስጮኸውና አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። እንደዚያ ነው። ሞተሩ ካስነጠሰ ያጠፋዋል፤ ወርዶ ሆዱን ከፍቶ ያየዋል። ካላስነጠሰ ይሄዳል። ሙሽራ ቢጫን፣ ሬሳ ቢጫን፣ ሳያስጮኽ ተነስቶ አያውቅም።

ይህን ያስተማረው አስተማሪው ነው። አስተማሪው ብዙ ነገር ነግሮታል፤ ለኛ የሚጠቅመን ግን እቺ ናት፦ «መሬት ላይ ሳለህ ሞተርህ ካስነጠሰ ቁም። መሬት ላይ መቆም ማንንም ገድሎ አያውቅም። ከመሬት ከተላቀቅህ በኋላ ከከዳህ ግን ወደ ኋላ አትይ። ፊት ለፊትህ ባገኘኸው ላይ ውረድ፤ እርሻም ይሁን ቁጥቋጦ። ያኔ ልመለስ ያለ ሁሉ አልተመለሰም።» ካፒቴን ይህን እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃሉ ያውቀዋል። ማወቅማ ያውቃል። አለማወቅ ቢሆን መች ያንገበግባል?

እንግዲህ አንድ ጊዜ ለዚያ አገር ድልድይ ተሠራለት፣ መንገድ ገባለት። መኪና ጡሩንባዋን እየነፋች ገበያው መሀል ስትቆም አውሮፕላን ምን ይሠራል? ካፒቴን ወደ ሌላ አገር እንዲሄድ ታዘዘ። ዳግመኛ አይመጣም።

አብራው የምትሄድ አንዲት ሴት ነበረች። አዋላጅ ናት፤ ሲስተር ይሏታል። የአገሩን ልጅ ግማሹን በእጇ የተቀበለች ናት፤ ልጆቹ ሲያዩዋት ከእናታቸው ጉያ ወጥተው ይሮጡላታል። የራሷን ልጅ ግን እናቷ ዘንድ ትታ ነው የመጣችው። እሷም ጊዜዋን ጨርሳ ወደ ልጇ ልትመለስ ነው። መጀመሪያ «አሁንማ መንገድ አለ፤ በመኪና ቀስ ብዬ እሄዳለሁ» ብላ ነበር።

«እንዴ ሲስተር!» አላት ካፒቴን። «ይህን ሁሉ ዘመን በኔ ተመላልሰሽ መጨረሻ ላይ በመኪና? አገሩ ሁሉ ምን ይለኛል? ሲስተር እንኳ አላመነችውም ይበሉኝ?»

«ውይ፣ እንግዲህ ካኮረፍክማ» ብላ ሳቀች። «እሺ፣ በአንተው።»

እንዲህ አድርጋ ነው የተሳፈረችው። ፊቱ እንዳይጠቁርባት ብላ። ይሉኝታ እንደ ጉንፋን ነው፤ አንዱ ከአንዱ ይቀበለዋል።

የሽኝቱ ቀን አገሩ ቤቱን ዘግቶ ወጣ። ሜዳው ዳር ዳስ ተጣለ፣ ፍየል ታረደ፣ ድስቱ ተደረደረ። ወጡን የያዙት ባለሙያ አፋቸው እንደ በርበሬያቸው የሚያቃጥል ሴት ነበሩ። «ካፒቴን፣ ብላ! እዚያ ሰማይ ላይ ማን ያጎርስሃል?» እያሉ አፉ ውስጥ ይጨምሩበታል። እሱም ይበላል። በላ፣ በላ፣ ቀበቶውን ፈታ።

ከዚያ ስጦታው መጣ። ማር በቅል፣ ቅቤ በቅል፣ ጋቢ። አንዱ በግ እየጎተተ መጣ።

«ኧረ በጉስ ይቅር!» አለ ካፒቴን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ይቺ አውሮፕላን እኮ በግ አትችልም።»

«ትችላለች!» አለ ሰውየው። «ባለፈው ወፍራሙን ነጋዴ ጭነህ የለ? የኔ በግ እኮ ከሱ ይሻላል፤ አፉን አይከፍትም!»

አገሩ በሳቅ ፈረሰ። በጉ በስንት ልመና ለዳሱ ቀረ። ቀጥሎ አንዲት አሮጊት አውራ ዶሮ በብብታቸው ይዘው መጡ። የአናቱ ጉትዬ ቀይ፣ ዓይኑ የዳኛ ዓይን።

«እማማ፣ ዶሮ መጫን አልተፈቀደልኝም።»

«የባለማሩን ማር ተቀበልክ» አሉ አሮጊቷ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የኔን ድህነት ነው የተጸየፍከው?»

በቃ፣ ተፈረደበት። ሲስተር ጣልቃ ገብታ «ስጡኝ እማማ፣ እኔ እይዘዋለሁ፤ ልጄ ዶሮ ስትወድ!» አለችና እግሩን አስራ አቀፈችው። ዶሮውም ወዲያው ቀሚሷ ላይ ምርቃቱን ጣለባት! ካ ካ ካ! እሷም ስትስቅ እንባዋ መጣ አሉ። ከልቧ የሳቀችበት ቀን ነበረ።

አሁን ስለ ወተቱ ልንገርሽ። በዚያ አገር መንገደኛ ሲሸኝ የአገሩ ሽማግሌ እግሩ ላይ ትኩስ ወተት ይረጭለታል። «እግርህ ወደ ፊት ይሂድ፤ ኋላህን እኛ እንጠብቅልህ» ይሉታል። ወተት የተረጨበት እግር ደግሞ ያን ዕለት ወደ ኋላ አይዞርም። ከዞረ የመራቂው አፍ ረከሰ ይባላል፤ ሽማግሌው ከዚያ ወዲያ ማንንም አይመርቅም፤ ሰውየውም መሳቂያ ሆኖ ይቀራል። አንድ የጥንት ሰው ወተት ተረጭቶለት ከሄደ በኋላ ምርኩዙን ረስቶ ተመለሰ ይላሉ። ሰውየው ከሞተ ዘመን አልፎታል፤ የልጅ ልጆቹ ግን እስከ ዛሬ «እነ ምርኩዜን» ነው የሚባሉት።

ሽማግሌው ወተቱን በቅል ይዘው መጡ። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፤ ለዚሁ ቀን ያሳጠቡት። የካፒቴንን እግር ረጩ፣ የሲስተርን ረጩ። ቀና ብለው አውሮፕላኗን አዩና «የእሷስ እግር የታል?» አሉ።

«ጎማዋ ነው አባባ፣ እግሯ ጎማዋ ነው!» አለ ሰዉ ተንጫጭቶ።

ያን ሁሉ ዕድሜያቸውን ይዘው ተንበረከኩና ጎማውን በወተት ረጩት። የግራውን፣ የቀኙን። «የፊተኛውን! የፊተኛውን እንዳይረሱ!» ተባሉ፤ እየዳሁ ሄደው እሱንም ረጩ። ተነስተው የካፒቴንን ራስ ያዙና «ሂድ ልጄ፤ የመረቅሁት ሰው ተመልሶብኝ አያውቅም» አሉት።

ተሳፈሩ። በሩ ተዘጋ። ካፒቴን አውሮፕላኗን ዳሱ አጠገብ ወዳለው የሜዳው ጫፍ ወሰዳትና አዞራት። ሕዝቡም ተከትሎ እየሮጠ መጣ። ሽማግሌው ከነጋቢያቸው፣ ከኋላቸው ዳሱ፣ ከዳሱ ፊት የተደረደረው ድስት፣ ሁሉም ከጭራዋ ኋላ ሆኑ።

ያን ጊዜ ሞተሩን ሊያስጮኸው እጁን ሰደደ። ዞር ብሎ ሲያይ ግን ያ ነጭ ጋቢ። ያ ወጥ። ሜዳው ደግሞ እንደ ዱቄት የላመ አፈር ነው። አሁን ባስጮኸው አቧራው እንደ ደመና ይነሳና ሽማግሌውን ያለብሳቸዋል፤ ወጡ ውስጥ ይገባል። መርቀውት፣ አጉርሰውት፣ ስመውት ሲያበቁ የመጨረሻ ስንብቱ አፈር መርጨት ሊሆን ነው? አፈረ። «አንድ ቀን ብትቀር ምን አለበት?» አለ በልቡ። ሳያስጮኸው ቀስ ብሎ ሄደ፣ ራቅ ሲል ጉልበት ሰጣት።

ሮጠች። እልልታው ከኋላ ቀለጠ። አጀማመሯ ጥሩ ነበር። ጥቂት እንደሄደች ሲስተር በሳቅ ፈነዳች። «ካፒቴን፣ ስማው! ስማው! ዶሮው ጮኸ!»

ካፒቴን ሰማው። ኩኩሉ ይላል፣ ጥርት አድርጎ።

የሲስተር ሳቅ አልተጋባበትም። የዚያች አውሮፕላን ሞተር ሙሉ ጉልበቱን ሲይዝ፣ እንኳን ዶሮ አጠገብሽ ያለ ሰው ጆሮሽ ላይ ቢጮህ አይሰማም። ዶሮ ከተሰማ ሞተሩ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ልብ ብሎ ሲያዳምጥ እውነትም ያስነጥሳል። ይይዛል፣ ይለቃል። ይይዛል፣ ይለቃል። ቀበቶው እንደ ላላ የወፍጮ ሞተር።

ጎማዋ ገና መሬት ላይ ነው። ፊት ለፊቱ ሜዳው ተንጣሎ ይታያል፤ ለመቆም ይበቃዋል፣ ይተርፈዋልም። እጁ ጉልበት የሚሰጣትና የሚነሳት እጀታ ላይ ነው። መሳብ ብቻ ነው። በግ ከመመለስ የቀለለ ነገር ነው፤ እጅን ወደ ራስ መሳብ።

እጁ ግን አልታዘዘም። እጁን ማን እንደያዘው ልንገርሽ? ሽማግሌው ናቸው የያዙት፤ ተንበርክከው ጎማ ሲረጩ። «የመረቅሁት ሰው ተመልሶብኝ አያውቅም» ያሉት ቃል ነው የያዘው። ብመለስ ከእንግዲህ መራቂ አይባሉም፣ አለ። በኔ ምክንያት በእርጅናቸው አፋቸው ሊረክስ ነው። ምርኩዜን ይሉኛል፣ አለ። ያ ሁሉ እልል ያለ ሰው በምን ዓይኑ ያየኛል፣ ከአውሮፕላኗ ወርጄ ምን ብዬ ልቆም ነው፣ አለ። ደግሞ ማን ያውቃል፣ ከተነሳሁ በኋላ ይስተካከል ይሆናል።

ይስተካከላል! እቺን ቃል ያዢልኝ፤ እመለስባታለሁ።

«ምን ሆነ?» አለች ሲስተር። ፊቱን አይታ ነው፤ ሳቋ ግማሽ ላይ ቀረ።

«ምንም» አላት። «ምንም አልሆነ።»

ተነሳች። ከሜዳው መጨረሻ እንደ ወፈረች ቆቅ እየተንገዳገደች ተነሳች። ሕዝቡ አጨበጨበ። ጥቂት ከፍ እንዳለች ሞተሩ ያችኑ የቀረችውን ጉልበትም ነሳት። ጸጥ አለ፣ ነፋሱ ብቻ ቀረ፤ ዶሮውም ጸጥ አለ።

ፊት ለፊታቸው የማሽላ እርሻ ነበረ። ለስላሳ አፈር ነው፣ ሰፊ ነው። የአስተማሪው ቃል «ባገኘኸው ላይ ውረድ» ነበረ። አውሮፕላኗ ትሰበር ይሆናል፤ ሰው ግን ከማሽላ ውስጥ እያነከሰም ቢሆን ይወጣል። ካፒቴን ግን ያን ጊዜ ምን ናፈቀው መሰለሽ? ሜዳው። ያ ሲሮጥበት የነበረው፣ ቁም ቁም ሲለው የነበረው ሜዳ። ልመለስ አለ። መመለስ ሲቻል አፍሮ አልተመለሰም፤ መመለስ ሲያቅት ልመለስ ብሎ ዞረ።

አውሮፕላኗ በአንድ ጎኗ ዘንበል አለች። ዘንበል እንዳለች ደከመች። እንደ ደከመው ሰው ክንፏን ጣለችና፣ ከሜዳው በመለስ፣ ደረቁ ወንዝ ድንጋይ ላይ ወደቀች።

እልልታው ወዲያው አልቆመም አሉ። ኋላ የነበሩት ሴቶች የሆነውን ስላላዩ እልል ማለታቸውን ቀጥለው ነበር። ፊት ያሉት ሲሮጡ ነው የገባቸው።

ከዚያ ብረት ውስጥ መጀመሪያ የወጣው አውራ ዶሮው ነው። ገመዱ ተበጥሶ፣ ላባው ተገፍፎ፣ በሁለት እግሩ እየተራመደ ወጣ። ያየ ሁሉ ቆመ፤ የሚስቅም የሚያለቅስም ጠፋ። ካፒቴንን ሁለት እግሩ ተሰብሮ አወጡት። ሲስተርን አወጧት፤ እሷ ግን አልወጣችም።

ካፒቴንን ወደዚያችው ጤና ጣቢያ ወሰዱት። እዚያ ቁስል ታጥብ የነበረችው ሲስተር ግን ውጭ ዛፍ ሥር ጋቢ ተሸፍና ተኝታለች። ያው ለሽኝት የተሰጠው ጋቢ ነው። ያዋለደቻቸው ሴቶች ልጆቻቸውን አዝለው ዙሪያዋን ሞሉት። ማዶ ደግሞ አንዲት ልጅ እናቴ ዛሬ ትመጣለች ብላ ፀጉሯን ተሠርታ ትጠብቃለች። እሱን እንኳን ተይው፤ እሱን ከጀመርኩ አልጨርስም።

የሚያጣሩ ሰዎች በአዲሱ መንገድ በመኪና መጡና ሞተሩን ፈቱት። ነዳጁ ውስጥ ውሃ ገብቷል አሉ። ሜዳው ጫፍ ላይ ቆሞ አስጩኾት ቢሆን ያኔውኑ ያስነጥስ ነበር አሉና ተመልሰው ሄዱ።

ካፒቴን አልጋው ላይ ሆኖ ከሰው አልነጋገር አለ። በመጨረሻ የአገሩ ሽማግሌዎች ሊጠይቁት ገቡ፤ ባለወተቱ ሽማግሌ ከፊት፣ የወጥ ባለሙያዋ ሴት ከኋላ። ነጩ ጋቢ ደም ነክቶታል፤ አልታጠበም። ዙሪያውን ተቀምጠው «እግዚአብሔር ያመጣው ነው፣ ምን ይደረጋል» እያሉ ሲያጽናኑት ካፒቴን ፊቱን ከግድግዳው መለሰ።

«እግዚአብሔር አይደለም» አለ። «እኔ ነኝ። ገና መሬት ላይ እያለሁ አውቄ ነበር። ዶሮው ሲጮህ አውቄ ነበር። ማቆም እችል ነበር።»



«ታዲያ ለምን አላቆምክም?» አሉ ባለሙያዋ።

«አፈርኳችሁ» አለ። «መጀመሪያ ሞተሩን ሳስጮኸው አቧራው እንዳያለብሳችሁ አፈርኩ። ኋላም መርቃችሁ፣ ወተት ረጭታችሁ፣ በምን ፊቴ ልመለስ? አባባን ሰው እንዳይስቅባቸው ብዬ።»

«አቧራ?» አሉ ሴትዮዋ። እኚያ አፈ በርበሬ ሴት ድምፃቸው ተሰበረ። «አቧራ ስንበላ አይደል ያደግነው? በአቧራ ነው ያፈርከን?»

ሽማግሌው ግን እጃቸውን ነበር የሚያዩት፤ ያን ወተት የረጩበትን እጅ። ኋላ ቀና ብለው ተናገሩ። ምን እንዳሉ ልነግርሽ ነው፤ መጀመሪያ ግን ያንቺን እንጨርስ።

እንግዲህ ብሌን፣ ስሚኝ፤ አሁን አልስቅም። ካፒቴኗ አንቺ ነሽ። ስልክሽ ግድግዳ ላይ የተፈጠፈጠ ዕለት ዶሮው ጮኸ። ሰምተሻል። ባትሰሚው ኖሮ መጥተሽ አትጠይቂኝም ነበር። አበባውና አዲሱ ስልክ ምንድነው? ሞተሩ ይዞ፣ ለቆ፣ መልሶ ሲይዝ ነው። ሲይዝማ ደስ ይላል፤ ሰው «ይኸው ተስተካከለ» ይላል። «ካገባሁት ይስተካከላል፣ ከወለድኩለት ይስተካከላል» የምትል ቃል እንዴት ያለች ጣፋጭ ናት! ስንቷን ሴት ከሜዳው አስነስታለች። እስኪ በየሰፈሩ ዙሪና ጠይቂ፤ መሬት ላይ ሲያስነጥስ ያልሰማች አለች ወይ? ሁሏም ሰምታለች። ካርድ ተበትኖ፣ ሽማግሌ ገብቶ፣ እናቷ ቀሚስ አሰፍታ፣ አፈረች። ኋላ ልጅ ታቅፋ፣ ዓይኗ ጠቁሮ፣ ከሰማይ ላይ ልመለስ ትላለች። ከወደቀች ደግሞ ብቻዋን አትወድቅም። ጭኗ ላይ የተቀመጠ፣ «ምን ሆነ?» ሲላት «ምንም አልሆነ» ያለችው አለ።

አንቺ ግን ጎማሽ ገና መሬት ላይ ነው። ፊት ለፊትሽ ሜዳ አለ። ነውር ነው ወይ አልሽኝ። አዎ፣ ያሳፍራል! አቧራ ነው፣ ይነሳል፣ የሰው ልብስ ላይ ያርፋል። አባትሽ ፊታቸው ይጠቁራል፣ እናትሽ ታለቅሳለች። የተጠራው ሰውስ? የተጠመቀውን ጠላ ይጠጣል፣ የተሠራውን ወጥ ይበላል፣ አፉን ጠርጎ ሲወጣ ያማሻል። ከዚያ የሌላ ሰው ሰርግ ይመጣና እዚያ ሄዶ ይበላል። አንቺ የምታፍሪለት ሰው ሁሉ፣ ብትወድቂ ከሁሉ ቀድሞ «ለምን አላቆመችም?» የሚለው እሱ ራሱ ነው። አባትሽ ራሳቸው አልጋሽ አጠገብ ተቀምጠው እጃቸውን ያያሉ። ያኔ ምን ይሉሻል? እኚያ ሽማግሌ ለካፒቴን ያሉትን ነው የሚሉሽ። ሳልጨምር ሳልቀንስ ቃላቸውን ልስጥሽ። ቀና አሉ፣ የተሰበረ እግሩን በዚያች እጃቸው ዳሰስ አደረጉትና፦

«ልጄ፣ ወተት እኮ ነው። ላሚቷ ማታም ትታለባለች።»